ወረርሽኝ ሲገባ የጥርስ ክሊኒክ ሥራውን እንዴት ያደራጅ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። በዚያ ሰሞን የጥርስ ክሊኒኮች መልስ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ በሩን ቆለፈ። ሌላው ማስክ ደርቦ እንደ ድሮው ቀጠለ። ሁለቱም አያዋጣም። ሲዘጋ ፊቱ ያበጠ ሰው መሄጃ ያጣል። እንደ ድሮው ሲቀጥል ደግሞ ክሊኒኩ ራሱ የበሽታ መቀባበያ ይሆናል።

የእኛ ሥራ ከሌላው ሐኪም የሚለየው ግልጽ ነው። ታካሚው ማስክ አድርጎ ሊታከም አይችልም። አፉ ከፊታችን ቢበዛ ግማሽ ሜትር ነው። ድሪሉ (የጥርስ መሰርሰሪያው) በደቂቃ ከ200 ሺህ እስከ 400 ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል፣ ውሃ ይረጫል፣ ውሃው ከምራቅና ከደም ጋር ተቀላቅሎ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ የሚያጥረን ማስክ ብቻ አይደለም። ዋናው እጥረት አየርና ሰዓት ነው። ቀኑን በድሪሉ ዙሪያ እንደገና ያደራጀ ክሊኒክ ሳይዘጋ ይቆያል። ይህ መመሪያ በትንፋሽ ለሚተላለፍ ለማንኛውም ወረርሽኝ እንዲሆን የተጻፈ ነው። አሁን፣ ነገሩ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ብታዘጋጁት ይሻላል።

እርምጃ 1፦ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት

አንድ ወረቀት ውሰዱና ክሊኒካችሁ የሚሠራውን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይረጫል ወይስ አይረጭም?

የሚረጩት በድሪል መሰርሰር፣ በአልትራሳውንድ ስኬለር (በንዝረትና በውሃ በሚያጸዳው መሣሪያ) ጥርስ ማጠብ፣ አየርና ውሃ አንድ ላይ የሚነፋውን ሲሪንጅ መጠቀም፣ አጥንት እየሰረሰሩ ጥርስ መንቀል ናቸው። የማይረጩት ምርመራ፣ ተራ ጥርስ መንቀል፣ መግል ማፍሰስ፣ ስፌት ማውጣት፣ በእጅ መሣሪያ ማጽዳት፣ የተነቀለ የብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ) ሽቦ ማስተካከል ናቸው።

ቀጥሎ በሁለተኛው ዓምድ አጣዳፊነቱን ጻፉ። ትንፋሽ የሚያሰጋ እብጠት፣ የማይቆም ደም፣ የፊት አጥንት ስብራት ዛሬውኑ፣ ያውም ሆስፒታል። እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም፣ መግል የቋጠረ ድድ፣ ተነቅሎ የወደቀ ቋሚ ጥርስ በሰዓታት ውስጥ። ጥርስ ማሳጠብ፣ ማስነጣት፣ አዲስ ብሬስ ማስገጠም ግን ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሐምሌ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ምክር ሥርጭቱ በኅብረተሰቡ ውስጥ በስፋት ባለበት ቦታ አጣዳፊ ያልሆነው ይቆይ ነበር ያለው። በነገራችን ላይ ዜናው በየአገሩ «ጥርስ ሐኪም ጋ አትሂዱ» ተብሎ ነበር የተወራው። ምክሩ እንደዚያ አላለም።

ይህን ወረቀት ካርድ ክፍል ውስጥ ለጥፉት። ውሳኔው የሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከቀረ ስልክ የምታነሳው ልጅ ሁሉንም ትቀጥራለች።

እርምጃ 2፦ ታካሚው መጀመሪያ በስልክ ይታይ

ቀጠሮ ሳይያዝ መግባት ይቁም። ሲደወል ሁለት ነገር ይጣራል፦ የወረርሽኙ ምልክት አለ ወይ፣ ጥርሱስ ምን ያህል ያስቸኩላል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የሚከተለውን የመሰለ ንግግር ብትለማመድ ጥሩ ነው፦

— እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ያመመዎት እርስዎን ነው ወይስ ሌላ ሰው?
— ልጄን ነው፤ መንጋጋው አብጧል።
— አይዞዎት። አፉን በደንብ ይከፍታል? ምራቁን ይውጣል?
— ይውጣል። መክፈቱ ግን ትንሽ ያስቸግረዋል።
— እብጠቱ ዓይኑ ድረስ ወጥቷል? አንገቱ ድረስ ወርዷል?
— ኧረ የለም፣ ጉንጩ ላይ ነው።
— ትኩሳት፣ ሳል ያለበት ሰው ቤት ውስጥ አለ? ልጁንስ ያስለዋል?
— ትኩሳት አለው፣ ሳል የለውም። ከእኛም የታመመ የለም።
— እሺ። ዛሬ 11 ሰዓት፣ የመጨረሻ ታካሚ ሆነው ይምጡ። ከልጁ ጋር አንድ ሰው ብቻ ይግባ። በር ላይ ሲደርሱ ይደውሉልኝ፣ እኔ ወጥቼ አስገባዎታለሁ።

መልሱ «ምራቁን መዋጥ አቅቶታል»፣ «ምላሱ ከፍ ከፍ ብሏል»፣ «ከአገጩ ሥር በሁለቱም በኩል ጠጥሯል» ከሆነ ቀጠሮ አይሰጥም። የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል አሁኑኑ ይሂድ። ይህ ዓይነቱ እብጠት የትንፋሽ መንገድ ይዘጋል። ትኩሳት የጥርስ መግልም የወረርሽኙም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ከበር መመለስ ስህተት ነው። የቀኑ የመጨረሻ ታካሚ አድርጉት፣ ሐኪሙም ሙሉ መከላከያ ለብሶ ይጠብቀው።

ጥርሱ ተነቅሎ የወደቀበት ሰው ከደወለ ሥሩን ሳይነካ፣ ከድድ በላይ የሚታየውን ጫፍ ይዞ ጥርሱን ያንሳው። ወተት ውስጥ ይክተተውና በ1 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። የወተት ጥርስ ከሆነ ተመልሶ አይተከልም።

ሕመም ብቻ ላለበት አዋቂ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም እርግዝና ከሌለ፣ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል ጋር ብዙ ጊዜ እስከ ቀጠሮው ያደርሳል። በ2012 «አይቡፕሮፌን ኮቪድን ያባብሳል» የሚል ወሬ ሲናፈስ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን አትውሰዱ እንደማይል አስታውቆ ነበር። አንቲባዮቲክ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የተቆጣ የጥርስ ነርቭ በአሞክሳሲሊን አይታገስም። በስልክ ብቻ ማከም ሲበዛ ግን መድኃኒት ማዘዝ ይቀላል። እንግሊዝ ውስጥ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ጥርስ ሐኪሞች የሚያዙት አንቲባዮቲክ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በሩብ ገደማ ጨምሮ ነበር። እኛ አገር ደግሞ ያለ ማዘዣም ይገኛል፤ ስለዚህ ደዋዩን ከፋርማሲ ምን ገዝቶ እንደዋጠ መጠየቅ አይረሳ።

እርምጃ 3፦ የክፍሉን አየር ለኩ

ብዙ ክሊኒክ ገንዘቡን የጣለው እዚህ ነው። በር ላይ ሙቀት መለኪያ ተገዛ፣ ሰው ላይ የሚረጭ ዋሻ ተሠራ፤ የሚሰረሰርበት ክፍል መስኮት ግን በካርቶን እንደታሸገ ቀረ። ሰው ላይ ኬሚካል መርጨት የዓለም ጤና ድርጅት በምንም ሁኔታ አይደረግ ያለው ነገር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ክፍላችሁ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱም 3 ሜትር ቢሆን 36 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሰዓት 216 ሜትር ኩብ አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ መስኮቱ ላይ ቢገጠም አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ ይቀየራል። በዚህ ፍጥነት ድሪሉ ከቆመ በኋላ አየር ላይ ያለው ብናኝ 99 በመቶ እስኪወጣ 46 ደቂቃ ይፈጃል። 12 ጊዜ የሚቀየር ከሆነ 23 ደቂቃ ይበቃል። ታፍኖ 2 ጊዜ ብቻ የሚቀየር ክፍል ግን 138 ደቂቃ ይጠይቃል። ይህም ሁለት ሰዓት ከሩብ አልፎ ማለት ነው። ማራገቢያ መግጠም ካልተቻለ ሄፓ ማጣሪያ (ጥቃቅን ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ) ያለው መሣሪያ እንደ ተጨማሪ የአየር ቅያሬ ይቆጠራል። ሳጥኑ ላይ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያጣራ ተጽፏል፤ ለክፍሉ መጠን አካፍሉት።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ አየር አይቀይርም። ያንኑ አየር አቀዝቅዞ ይመልሰዋል። የጣሪያ ማራገቢያም ያሽከረክረዋል እንጂ አያስወጣውም።

አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ታካሚ በሌለበት ሰዓት መስኮቱን ክፈቱ፣ ማራገቢያውን አስነሱ፣ በሩን በጣት ያህል ገርበብ አድርጉ። ከዚያ ትንሽ ዕጣን አጭሳችሁ በበሩ ስንጥቅ ግርጌ ያዙት። ጭሱ ወደ ክፍሉ ገብቶ ወደ መስኮቱ ከተሳበ መልካም ነው። ወደ ኮሪደሩ ከወጣ ብናኙም ወደ ተጠባባቂዎች እየሄደ ነው፤ ማራገቢያው ወደ ውጭ እንዲነፋ አዙሩት። ወንበሩንም አስተካክሉ፦ የታካሚው ራስ ወደ መስኮቱ በኩል፣ ሐኪሙ ንጹሕ አየር በሚመጣበት በኩል ይሁኑ። ክፍሎቹ በግማሽ ግድግዳ ብቻ የተከፈሉ ከሆነ አንድ ክፍል ናቸው ብላችሁ ቁጠሩ።

እርምጃ 4፦ ቀኑን በድሪሉ ዙሪያ ስሩ

እንግሊዝ ውስጥ መደበኛ የጥርስ ሕክምና መጋቢት 16 ቆሞ ሰኔ 1 ቀን 2012 ሲከፈት፣ ከሚረጭ ሥራ በኋላ ክፍሉ 60 ደቂቃ ባዶ እንዲቆይ ይጠየቅ ነበር። ነገሩ ቀን ሙሉ የሚደጋገም ከሆነ የክሊኒኩን ሰዓት ይበላዋል። መውጫው የሚረጨውን ሥራ ክፍሉ ያለዚያም ባዶ ከሚሆንበት ሰዓት ጋር ማጋጠም ነው።

አንድ ወንበር ብቻ ያለው ክሊኒክ እንዲህ ቢያደርግ ይችላል። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:00 የማይረጩት ይግቡ፦ ምርመራ፣ ነቀላ፣ ስፌት፣ ሽቦ። 5:15 ላይ የድሪል ታካሚ ይገባል፣ 6:15 ያልቃል። ክፍሉ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሠራተኛው ምሳ ይበላል። 7:30 ላይ ክፍሉ ተጠርጎ እንደገና የማይረጭ ሥራ ይጀምራል። ሁለተኛው የድሪል ታካሚ ደግሞ የቀኑ መጨረሻ ላይ ይሆናል፤ ክፍሉ ሌሊቱን ያርፋል። ሁለት ክፍል ያለው ክሊኒክ እያፈራረቀ ይሠራል። በአንዱ ሲሰረሰር ሌላው ያርፋል።

ዕድሜያቸው የገፋ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች የጠዋቱ የመጀመሪያ ይሁኑ። አንድ ሕመምተኛ አራት አስታማሚ አስከትሎ መምጣቱ ባህላችን ነው፤ በስልክ አስቀድሞ ካልተነገረ በር ላይ ጭቅጭቅ ይፈጥራል። መብራት ከጠፋ ማራገቢያውም ሳክሽኑም (ከአፍ ውሃና ምራቅ የሚስበው መሣሪያ) ይቆማል። ጄኔሬተሩ ሁለቱን እንደሚያነሳ ሳታረጋግጡ የሚረጭ ሥራ አትጀምሩ።

እርምጃ 5፦ ወንበሩ ላይ

ራጅ ሲያስፈልግ አፍ ውስጥ የሚገባው ፊልም ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ያስታውካል። ከውጭ የሚነሳው ሙሉ የመንጋጋ ራጅ ካለ እሱ ይቅደም።

ከሥራው በፊት ታካሚው 20 ሰከንድ ያህል አፉን ይጉመጥመጥ፦ 1 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም 0.2 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን። ከፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ከሆነ አንድ እጅ ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። አዮዲን ከመስጠታችሁ በፊት የታይሮይድ ችግር፣ እርግዝናና አለርጂ ጠይቁ። ይህ የምራቁን ጀርም ለጊዜው ይቀንሳል እንጂ ማስክና አየርን አይተካም።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ራበር ዳም፣ የሚታከመውን ጥርስ ብቻ አውጥቶ ቀሪውን አፍ የሚሸፍን ስስ ላስቲክ። ጥርሱ ከምራቅ ከተለየ የሚረጨው ውሃ በአብዛኛው ውሃ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ኃይለኛው ሳክሽን ነው፤ የቱቦው አፍ 8 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው። ቀጭኗ ምራቅ መሳቢያ ለዚህ አትሆንም። ረዳቷ ሳክሽኑን ከድሪሉ ጫፍ አጠገብ ሳታርቅ ትያዝ። በአጭሩ፦ ያለ ረዳት አይሰረሰር። አራት እጅ ያስፈልጋል።

እርምጃ 6፦ ማስክና ልብስ

ለሚረጭ ሥራ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 (ፊት ላይ ገጥሞ ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ)፣ የዓይን መከላከያ፣ ጋውን፣ ጓንት። ለማይረጨው የሕክምና ማስክ ከዓይን መከላከያ ጋር። ኤን95 ጢም ላይ አይገጥምም። በጢሙ የሚኮራ ሐኪም ምርጫውን ያስተካክል፤ አየሩ በጎን እየገባ ከሆነ ማስኩ ጌጥ ነው። ከለበሳችሁ በኋላ በሁለት እጅ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ፤ በጠርዝ በኩል ንፋስ ከተሰማችሁ አፍንጫው ላይ ያለውን ሽቦ እንደገና ጫኑ። ቫልቭ ያለው ማስክ እናንተን ቢጠብቅም ትንፋሻችሁን ሳያጣራ ያስወጣል፤ ላዩ ላይ የሕክምና ማስክ ደርቡ።

እጥረት ሲኖር አንዱን ኤን95 ከ5 ጊዜ በላይ አትልበሱ። በመካከሉ ስም በተጻፈበት የወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይይዛል። አውላለቁ ላይ ጥንቃቄ ይብዛ፦ ጓንትና ጋውን ክፍሉ ውስጥ ይወልቃሉ፣ እጅ ይጸዳል፣ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ የዓይን መከላከያው፣ በመጨረሻም ማስኩ ከኋላ በማሰሪያው ይወልቃል። እጅ እንደገና ይታጠባል።

እርምጃ 7፦ ጽዳት

የታካሚው ወንበር፣ መብራቱ፣ የመሳቢያ እጀታው በ70 በመቶ አልኮል ወይም በ0.1 በመቶ በረኪና ይጠረጋል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ከተጻፈ አንድ እጅ በረኪና ከ49 እጅ ውሃ ጋር ነው። ደም ለፈሰሰበት ወደ 0.5 በመቶ ይጠንክር፤ አንድ እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፣ ከመጠረጉ በፊትም ቆሻሻው በሳሙና ይታጠብ። ሃንድፒሱ (ድሪሉ የሚገጠምበት የእጅ መሣሪያ) በየታካሚው አውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን፣ ይግባ። በአልኮል መጥረግ ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜም አይበቃም።

ጽዳት ሠራተኛዋን አትርሷት። ከድሪል በኋላ ክፍሉ ሳያርፍ መወልወያ ይዛ የምትገባው እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜ የጨርቅ ማስክ ብቻ ነው ያላት። በሩ ላይ የመግቢያውን ሰዓት ጻፉ፦ «ከ7:10 በፊት አይገባም»።

እርምጃ 8፦ በየስፔሻሊቲው

የሥር ሕክምና የሚሠራው በራበር ዳም ስለለመደ ትንሽ ብቻ ይለወጣል። ሩት ካናሉን በተቻለ መጠን በአንድ ቀጠሮ ይጨርስ። የድድ ሐኪሙ ስኬለሩን አሳርፎ በእጅ መሣሪያ ይሥራ፤ ያደክማል፣ ግን አይረጭም። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ በሚሟሟ ክር ይስፋ፣ ታካሚው ለስፌት ማውጫ እንዳይመለስ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ከአፍ የወሰደውን የጥርስ አሻራ ወደ ላብራቶሪ ከመላኩ በፊት በውሃ አለቅልቆ በፀረ ጀርም ያጽዳ።

ብሬስ የሚሠራው ሐኪም ችግር የተለየ ነው። ታካሚዎቹ በአብዛኛው አጣዳፊ አይደሉም፣ ግን ሽቦው ክትትል ባይኖርም ጥርስ መጎተቱን አያቆምም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ዝርዝር አውጥቶ በየተራ ይደውል። ላስቲክ የሚያደርጉ ታካሚዎች ክትትሉ ከተቋረጠ ላስቲኩን እንዲያቆሙ ይነገራቸው። ጉንጭ የሚወጋ ሽቦ በሰም ይሸፈናል። ካልሆነ በአልኮል በተጠረገ ጥፍር መቁረጫ ቤት ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል፤ ቁራጩ እንዳይዋጥ ከሥሩ የቁስል ጨርቅ (ጋዝ) ይደረግ። ፎቶ በቴሌግራም ተልኮ ሐኪሙ የትኛው ሽቦ እንደሆነ ሳያይ ግን አይቆረጥ።

የልጆች ሐኪም ከሁላችንም በተሻለ ያለ ድሪል መሥራት ይችላል። 38 በመቶ የብር ፍሎራይድ መድኃኒት (ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ) የጥርስ መበስበስን ያቆማል፤ ይቀባል፣ አለቀ። ይህ መድኃኒትና ግላስ አዮኖመር የተባለው የጥርስ መሙያ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የተቀባው ቦታ ግን ይጠቁራል። ለእናትየዋ አስቀድማችሁ ፎቶ አሳዩዋት፤ አለበለዚያ የልጇን ፊት ጥርስ አጠቆራችሁብኝ ብላ ትመለሳለች። ከዚያ ውጭ የበሰበሰውን በእጅ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር መሙላት፣ ለመንጋጋ የወተት ጥርስም ሳይሰረስሩ የብረት ቆብ ማልበስ አለ።

እርምጃ 9፦ ሠራተኛና ገንዘብ

ሠራተኛውን በሁለት ቡድን ክፈሉ። አንድ ሰው ሲታመም ሁሉም ለይቶ ማቆያ እንዳይገባ ቡድኖቹ አይገናኙ፤ ምሳና ቡናም ለየብቻ ይሁን። ማስክ ወልቆ የሚወራው እዚያ ነው። የታመመ ሰው ደመወዙ እንደማይቆረጥ በጽሑፍ ይነገር። የሚቆረጥበት ሰው ትኩሳቱን በፓራሲታሞል ደብቆ ይመጣል።

የመከላከያ ዕቃ ዋጋ ታካሚው ላይ የሚጨመር ከሆነ በስልክ፣ ከመምጣቱ በፊት ይነገረው። ገቢው መቀነሱ አይቀርም፤ ከአከራዩ ጋር ስለ ኪራይ መነጋገር ያለባችሁም ውዝፍ ሳይከማች ነው።

እርምጃ 10፦ ሲከፈት

ወንበሩ ለሳምንታት ቆሞ ከነበረ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ተበክሏል ብላችሁ ጀምሩ። ጠርሙሱን አጽዱ፣ ቱቦውን በአምራቹ መመሪያ መሠረት በማጽጃ ኬሚካል እጠቡ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሃንድፒስ ለደቂቃዎች ውሃ አስለቅቁ። መስኮቱ ይከፈት፣ ማስክም አይወለቅ። ኮምፕረሰሩንና አውቶክሌቩን ያለ ታካሚ አንድ ቀን ሞክሯቸው።

ቀጠሮ ደግሞ ከተሰረዘበት ቀን ቅደም ተከተል ሳይሆን ከአጣዳፊነቱ ይሰጥ። በመጀመሪያ በጊዜያዊ መሙያ የተዘጉት፣ ነርቩ ተከፍቶ የቀረ ጥርስ ያላቸውና በአንቲባዮቲክ ብቻ የተሸኙት ይጠሩ። ጥርስ ማሳጠብ የሚፈልጉት መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፤ ቅሬታ የሚያሰሙትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው።